የጥንቸሏ ሃያ ሰባት ሰዓታት

ስለ እንስሳት ፍቅር ለማንበብ የተዘጋጀ ሰው ካለ እዚሁ ላይ ቢያቆም ለእሱም ለእኔም ይሻላል። እኔ እንስሳትን አልወድም፤ አጥንቻቸዋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚረዳ ሰው ጅግጅጋ ባስተማርኩባቸው ዓመታት አላጋጠመኝም። በዚህም ምክንያት በግቢዬ አንዲት ነጭ ጥንቸል እንዳለች ሲታወቅ «ባል የሌላት ሴት ምን ታድርግ» ያላለ አልነበረም። እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው። ጥንቸሏ ከአንድ የሞኞች ሥራ የተረፈች ቅሪት ነበረች።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጅግጅጋ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነበር። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ ኋላም አውሮፓ ሄጄ በእንስሳት ፊዚዮሎጂ ዶክትሬቴን ሠርቼ ተመለስኩና በአንድ ኮሌጅ መምህር ሆንኩ። ለምን እንደተመለስኩ ሲጠይቁኝ «ውል ስላለብኝ» እላለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ማብራሪያ የሚገባው ሰው አላገኘሁም። ከተማው ባጃጅ የሞላበት፣ ኮሌጁም ከመማሪያ ወንበር አስቀድሞ የምረቃ ጋዋን የሚያሰፋበት ዘመን ነበር። ሁሉም «ዶክተር» ይለኛል፤ ግማሾቹ የደም ግፊታቸውን እንድለካላቸው ክንዳቸውን ይዘረጉልኛል።

ጥንቸሏን ወደዚያ አገር ያመጣት አንድ የውጭ ድርጅት ነው። የአካባቢውን ሕፃናት ሥጋ አበላለሁ ብሎ የጥንቸል እርባታ ፕሮጀክት ነደፈ፤ የሽቦ ቤቶች አሠራ፤ ጥንቸሎቹን ከመሐል አገር በመኪና አስጭኖ አመጣ። ክርስቲያኑ ነጋዴ «ታመሰኳለች እንጂ ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም» ብሎ አይቀምሳትም። ሶማሌው ጎረቤቱ ደግሞ ግመልና ፍየል ባለበት አገር የድመት ዘመድ የሚመስል ነገር ወደ አፉ የሚያስጠጋበት ምክንያት አይታየውም። ይህን ለማወቅ በከተማው አንድ ቀን ምሳ መብላት ይበቃ ነበር። እኔ በጥናት መልክ ጽፌ ሰጠኋቸው። አመሰገኑኝ፤ ቀጥለውም ፕሮጀክቱን መረቁ። ከወራት በኋላ ጥንቸሎቹ ግማሾቹ በውሻ፣ ግማሾቹ በውሃ ጥም አልቀው፣ የሽቦ ቤቶቹም የዶሮ ማደሪያ ሆነው፣ በጆሮዋ ላይ አሥራ አንድ ቁጥር የተነቀሰባት አንዲት ሴት ጥንቸል ቀረች። ወደ ቤቴ የወሰድኳት ማስረጃ ትሁነኝ ብዬ ነው። ስም አላወጣሁላትም። ማምሻውን ሳነብ እግሬ ሥር የመተኛት ልማድ ነበራት፤ የወለሉ ስሚንቶ በዚያ በኩል ስለሚሞቅ ነው።

ስም ያወጡላት የቤቱ ባለቤት ኤዶ ሃሊማ ናቸው። ኤዶ፣ በዚያ ከተማ ለታላቅ ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። ኤዶ ሃሊማ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ፣ በየጠዋቱ ገበያ ወጥተው የግመል ወተት የሚሸጡ ባልቴት ነበሩ። ጥንቸሏን «ባካይሌ» ይሏት ነበር፤ ቃሉ በሶማሊኛ ጥንቸል ማለት ስለሆነ በስም ማውጣቱ ብዙ አልደከሙም።

አደጋው የደረሰው ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ውሃ የሚመጣልን በአህያ ጋሪ ስለነበር በግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ በርሜሎች ነበሩን። በዚያ ጠዋት አንዱን አጥቤ እንዲደርቅ ከግድግዳው ጥግ በጎኑ አጋደምኩት። ከሥሩ ድንጋይ ማስደገፍ ነበረብኝ፤ አላስደገፍኩም። የጅግጅጋን ንፋስ የሚያውቅ ቀሪውን ይገምታል። በርሜሉ ከቦታው ተነቅሎ የግቢውን ቁልቁለት ይዞ ተንከባለለ፤ የጎመን ቅጠል ትቆረጥም በነበረችው ጥንቸል ወገብ ላይ አለፈና የብረት በሩን መትቶ ቆመ። ከብረቱ ጩኸት በቀር የተሰማ ድምፅ አልነበረም። ጥንቸሏ በፊት እግሮቿ እየተሳበች ወደ ጥላው ሄዳ ቁጭ አለች።

አንስቼ ወደ ቤት አስገባኋት፤ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኳትና ወረቀት አወጣሁ። አምስት ዓምዶች አሰመርኩ። ደም፣ የለም። ድድ፣ ሮዝ። ትንፋሽ፣ ፈጣን፤ ከድንጋጤ በኋላ የሚጠበቅ። የኋላ እግሮች፣ ሲቆነጠጡ ይሰበሰባሉ፤ ግራው ይዘገያል። በጠጥ፣ ገና አልታየም። ከሥሩ «ሐኪም አያስፈልጋትም፤ በክትትል ትቆይ» ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱንም መዘገብኩ።

ኤዶ ሃሊማ ከገበያ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው አዩን።

«ነያ ዶክተር፣ ይቺ ወገቧ ተመቷል። ወደ ጉሌድ ውሰጃት።»

«አያስፈልጋትም ኤዶ። ምልክቶቿን መዝግቤአለሁ።»

«ጥንቸሏን ውሰጃት ነው ያልኩሽ። ወረቀቱ ምን ሆነና።»

«ጉሌድ ጥንቸል በሥዕልም አላየ።»

«አንቺ ከሥዕል ሌላ ምን አየሽ?»

ጉሌድ ማን እንደነበር መናገር አለብኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ማለቴ ከዚያ ዓርብ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ተማሪዬ ነበር። የፈተና ወረቀቱን በክፍሉ ፊት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክፍሉ በየመስመሩ ሳቀ። አንድም ስህተት አልጨመርኩበትም፤ መጨመርም አላስፈለገኝም። በዚያ ከተማ በክፍል ውስጥ የተነበበ ነገር የዙህር ሶላት ሳይደርስ የአጎቶች ጆሮ ይደርሳል፤ ይህን አውቅ ነበር። ልጁ በማግስቱ ቀረ። ሌላ ከተማ ሄዶ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይዞ ተመለሰና በከብት ገበያው ዳር የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፈተ። ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ከተማው እሱንም «ዶክተር» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንተላለፍ እሱ ወደ ሱቆቹ፣ እኔ ወደ ሰዓቴ እናያለን።

ኤዶ ሃሊማ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ስለዚህ ወዲያው መፍትሔ አቀረቡ።

«ሀጂ ዩሱፍን እልከዋለሁ። እሱ ቀድሞ ይግባና ሁለት ቃል ይበለው። ከዚያ አንቺ ትገቢያለሽ።»

«ሁለቱ ቃል ምንድን ነው?»

«አንቺ የማትይው ነው።»

የአገሩ ደንብ ይህ ነው። የተቀየመ ሰው ደጅ ላይ ዝም ብሎ አይደረስም፤ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል፤ ቅያሜው ለስለስ ሲል ባለጉዳዩ ይከተላል። ሽማግሌ መላክ ጥፋትን ማመን ነው። በጥንቸል የተነሳ የሰፈራችን ሽማግሌ ሀጂ ዩሱፍ ከሱቃቸው ተነስተው፣ ስለ አንድ የፈተና ወረቀት ከጉሌድ ጋር ሲደራደሩ ታየኝ። እምቢ አልኩ። በቂ ምክንያትም ነበረኝ፤ ወረቀቱ «ሐኪም አያስፈልጋትም» ይላል።

ለማንኛውም ብዬ ከቀትር በፊት ወደ መንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ዓርብ ነው፤ ከዘበኛው በቀር ማንም አልነበረም።

«ሐኪሙ ደምበል ወረዳ ሄደዋል፣ ለክትባት» አለኝ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሰኞ፣ ኢንሻአላህ። ማክሰኞም ይሆናል። ግመል ነው?»

«አይደለም።»

«ፍየል ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ምን አጣደፈሽ?» ብሎ ወደ ጥላው ተመለሰ።

ሰውየውን ናቅሁት። ይሁን እንጂ ከክሊኒኩ ስመለስ የተሰማኝ ንዴት ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ በትክክል እፎይታ። ከተማው ውስጥ የቀረው ሐኪም ጉሌድ ብቻ ሆነ፤ ጉሌድ ደግሞ በእኔ ሚዛን ሐኪም አልነበረም። ስለዚህ ሐኪም አልነበረም፤ ስለዚህ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ስሌቱ እንከን የለውም።

ከሰዓት በኋላ ጅግጅጋ በሯን ዘግታ ጫቷን ትይዛለች። እኔ ወንበር ስቤ ከጥንቸሏ ፊት ተቀመጥኩ። ቅጠል አቀረብኩላት፤ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ጆሮዋን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ጥርሷን ታፋጫለች። ጥንቸል ጥርሷን ስታፋጭ የሕመም ምልክት እንደሆነ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አስተምራለሁ። ቢሆንም ለእያንዳንዱ ምልክት ሌላ ማብራሪያ አገኘሁለት። ጆሮዋ የቀዘቀዘው በንፋሱ ነው፤ ያልበላችው ከድንጋጤዋ ስላልወጣች ነው፤ ማፋጨቱም አንዳንድ ጊዜ የዕረፍት ምልክት መሆኑ ተጽፏል። ያልተማረ ሰው ማድረግ የማይፈልገውን ነገር ዝም ብሎ ይተወዋል። የተማረ ሰው ግን ምንጭ ይጠቅሳል።

ሌሊቱ የሚተረክ ነገር የለውም። ቅዳሜ ጠዋት በጨርቁ ላይ አንድም በጠጥ አልነበረም። በወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ሰረዝኩና «የሕመም ማስታገሻና ፈሳሽ ያስፈልጋታል» ብዬ ተካሁት። ሐኪም ያስፈልጋታል አላልኩም። የመድኃኒቱን ስም አውቃለሁ፤ መጠኑን በክብደቷ ልክ አስልቻለሁ። የቀረው መግዛት ነው። የሚገዛ ሰው ደግሞ አይለማመጥም፤ ገብቶ ጠይቆ ይወጣል። ጥንቸሏን ቤት ትቼ፣ ጥቁር ጉርዴን ለብሼ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ከብት ገበያው ሄድኩ።

በመድኃኒት ቤቱ አግዳሚ ላይ ከሐርተሼክ በኩል ግመል ይዘው የመጡ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጉሌድ ከባንኮኒው ኋላ ነበር። ሲያየኝ ተነሥቶ ቆመ።

«እንደምን አደሩ ዶክተር።»

በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። የመድኃኒቱን ስምና መጠኑን ነገርኩት።

«ለምን ዓይነት እንስሳ ነው?»

«ለፍየል ግልገል።»

ውሸቱ ሳይታሰብ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ግን ልመልሰው አልሞከርኩም። የግመል ባለቤቶች በተቀመጡበት ቤት ለጥንቸል መድኃኒት ፍለጋ የመጣች ሴት መባል አልፈለግሁም። ከዚህ የከበረ ምክንያት የለኝም።

«ምን ሆነች?»

«በርሜል ተንከባለለባት። ወገቧ ላይ።»

«ትበላለች?»

«አትበላም።»

«ሽንቷንስ ሸንታለች?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የዶክትሬት ጥናቴ የበግ ኩላሊት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሽንት ለክቻለሁ። በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ስሜ በወርቅ ቀለም የታተመበት አንድ ጥራዝ ሙሉ ስለ ሽንት ይናገራል። ወገቡ የተመታ እንስሳ የመጀመሪያው አደጋ ሽንት መያዝ እንደሆነ፣ ፊኛውም በጊዜ ካልተለቀቀ ምን እንደሚከተል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ክልል አልነበረም። በወረቀቴ ላይ ግን አምስት ዓምዶች ነበሩ፤ ሽንት ከአምስቱ አንዱ አልነበረም። ጨርቁ ረጥቦ እንደሆነ አላየሁም። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት፣ ባንኮኒው ፊት ቆሜ፣ በግልጽ አወቅሁ።

«አዎ» አልኩ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ጉሌድ ጉርዴን አየ። እኔም ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ነጭ ጠጉር ተበትኗል። ከሦስቱ ሰዎች ሸምገል ያለው በሶማሊኛ አንድ ነገር አለ፤ ከመካከሉ «ባካይሌ» የሚለውን ቃል ለየሁት። ሌሎቹ ሳቁ። ወሬው ከኤዶ ሃሊማ የወተት ዕቃ ጋር ገበያ ደርሶ ኖሯል።

ጉሌድ አልሳቀም። «ግልገሏን ያምጧት ዶክተር» አለኝ፤ «ጆሮዋ ረዘም ቢልም አያታለሁ።»

አሁን አግዳሚው ራሱ ሳቀ።

«መድኃኒቱን ስጠኝ።»

«እንስሳውን ሳላይ አልሰጥም። ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ወጣሁ። ቤት የደረስኩት አራት ሰዓት ላይ ነው። ጨርቁን ከሥሯ ሳብኩት፤ ደረቅ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ደረቅ። ሆዷን ከታች በኩል ስዳስሰው ትልቅ ሎሚ የሚያህል ጠጣር ነገር ጣቴን ገፋው። ሽንቱን በእጅ ተጭኖ ማስወጣት ይቻላል፤ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እጄ ግን ከስንት ዓመት ወዲህ ከጠመኔ በቀር ሕይወት ያለው ነገር ላይ ሠርቶ አያውቅም። ትንሽ ካነሰ አይወጣም፣ ትንሽ ከበዛ ይፈነዳል። አላደረግሁትም።

ኤዶ ሃሊማ ወተታቸውን ጨርሰው ገቡ።

«ሰዎቹ ሄዱ?» አልኳቸው።

«የትኞቹ?»

«ጉሌድ ጋ የተቀመጡት።»

«ወላሂ፣ ገበያው ሳይፈታ የት ይሄዳሉ? እዚያው ናቸው።»

«እስኪሄዱ እጠብቃለሁ።»

«አቦ፣ እሷስ ትጠብቃለች?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጥንቸሏም ጨርቁ ላይ ተቀምጣለች። ሁለታችንም አንንቀሳቀስም፤ እሷ ግን ምክንያት ነበራት። ሐኪም ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ ቆይቷል። እኔ በዚያ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል የተቀመጥኩት የሦስት ግመል ነጂዎችን ሳቅ ከአንዲት ጥንቸል ፊኛ ጋር እየመዘንኩ ነው። እየደጋገምኩ መዘንኩ፤ ውጤቱም እየደጋገመ ለሳቁ አደላ።

በመጨረሻ ኤዶ ሃሊማ ባዶ የብስኩት ካርቶን ይዘው መጡ። ጥንቸሏን ከነጨርቋ አንስተው ካርቶኑ ውስጥ አኖሯት።

«እኔ እወስዳታለሁ» አሉ። «አንቺ ቁጭ በይ። ማንም አያይሽም።»

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ልቀበለውም አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ጉሌድ ሲጠይቃቸው ምን ይመልሳሉ? ስንት ሰዓት እንደቆየች፣ እግሯ መቼ እንደዘገየ፣ ዛሬ ጠዋት ሸንታለች የተባለው ውሸት መሆኑን ማን ይነግረዋል? ትክክለኛ መረጃ የነበረው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ካርቶኑን ተቀብዬ ወጣሁ። በጎነት ተነሣሣብኝ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ተሳስቷል፤ የተሳሳተ መረጃ ተሰጥቶ ሲቀር ማየት አልችልም።

ሰባት ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤቱ ገባሁ። ሦስቱም እዚያው ነበሩ።

«ግልገሏ መጣች» አለ ሽማግሌው፣ ለእኔ እንዲሰማ በአማርኛ።

ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። «ጥንቸል ናት» አልኩት ጉሌድን። «ጠዋት ዋሽቼሃለሁ። ከትናንት አራት ሰዓት ጀምሮ አልሸናችም።»

ማንም አልሳቀም። ለሳቅ ተዘጋጅቼ ስለነበር ዝምታው ከሳቁ ይልቅ አዋረደኝ።

ጉሌድ ካርቶኑን ከፍቶ አየና እጁን ታጠበ። «ዶክተር፣ እኔ ጥንቸል በእጄ ይዤ አላውቅም» አለኝ፤ «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እሠራለሁ።»

በኮሌጁም፣ በቢሮዎቹም፣ በዚያ በሞኞቹ ፕሮጀክት ስብሰባዎችም «አላውቅም» የሚለውን ቃል ከአንድም ባለ ዲግሪ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከራሴም ጭምር። ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አልኩ።

«በግራ እጅህ ደረቷን ደግፍ» አልኩት። «በቀኝህ ፊኛውን ከታች ያዘው። በሁለት ጣት። አገኘኸው?»

«አገኘሁት። እንደ ድንጋይ ነው።»

«ከፊት ወደ ኋላ ግፋ። ቀስ። ላላ አድርገው። አሁን ጨምር።»

«እንዳይፈነዳ እፈራለሁ።»

«እኔም። ጨምር።»

ሽማግሌው ግመል ነጂ ከአግዳሚው ተነሥቶ ፎጣውን ከሥሯ አነጠፈ። ሽንቱ መጀመሪያ በጠብታ፣ ቀጥሎ በቀጭኑ ወረደ፤ ደም የተቀላቀለበት፣ የጠቆረ ሻይ የሚመስል። ጥንቸሏ ትንፋሿ ዝግ አለ። ጉሌድ ማስታገሻውን ወጋት፤ ከቆዳዋ ሥርም ፈሳሽ ሰጣት። ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር። ሽማግሌው በሶማሊኛ አመሰገነ፤ እኔን ይሁን፣ ጉሌድን ይሁን፣ ፈጣሪውን ይሁን አልጠየቅሁም።

ማምሻውን የጎመን ቅጠል ግማሽ በላች። ወረቀቱ ላይ መዘገብኩት። እሑድ ረፋድ ላይ ሞተች።

ጉሌድ ከሰዓት በኋላ በኪሱ መርፌና መድኃኒት ይዞ፣ ሁለተኛውን ዙር ሊሰጣት መጣ። ነገርኩት። መርፌውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«የአላህ ውሳኔ ነው» አለ። ቆሞ ቀረ። እጁን ያያል። «እኔ ይሆን ያፈነዳሁት?»

«አላውቅም» አልኩት። «ከፍቼ አያለሁ።»

«ይተዉት ዶክተር። ለእርስዎም ለእኔም ይቅርብን።»

ያለው ገብቶኝ ነበር። እንስሳዋ ሳትከፈት ከተቀበረች ለዘላለም ሁለት ግምት ይኖራል፤ እሱም በአንዱ፣ እኔም በሌላው እየተጽናናን እንኖራለን። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁና ምላጭና መቀስ አወጣሁ። ጉሌድ አልሄደም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«አከርካሪዋ ደህና ነው» አልኩ፤ እየሠራሁ፣ በክፍል እንደማስተምረው። «ስብራት የለም፤ በልዟል እንጂ። ኩላሊቶቿ አብጠዋል። ፊኛው ከላይ በኩል ተቀዷል።»

ጉሌድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቅረብ» አልኩት። «የተቀደደውን ጠርዝ እይ። ምን ዓይነት ቀለም አለው?»

ቀረበ። ጎንበስ አለ። «ጥቁር።»

«በእጅ ግፊት የተቀደደ ሥጋ ጠርዙ ቀይ ይሆናል። ይህ ሳይቀደድ በፊት የሞተ ሥጋ ነው። ተወጥሮ ሲቆይ ደም አጥቶ ሞተ፤ ሌሊት ላይ ለቀቀ። አንተ በነካኸው ጊዜ ሞቶ ነበር። እጅህ አይደለም።»

ቀና አለ። ከዚያ በስድስት ዓመት ውስጥ ከተማሪ አፍ የሰማሁትን ብቸኛውን ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ዓርብ ቢለቀቅላት ኖሮ ሥጋው ይሞት ነበር?»

«አይሞትም። ወገቧም በጥቂት ቀናት ይሻላት ነበር። ከአደጋው እስከ አንተ ባንኮኒ ሃያ ሰባት ሰዓት ነው። ሃያ ሰባቱም የእኔ ናቸው።»

ለመቃወም አልሞከረም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። እጄን እስክታጠብ ጠበቀ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ ሽማግሌ ሳልልክ፣ ጀርባውን እያየሁ ተናገርኩ።

«ወረቀትህን በክፍል ፊት ማንበብ አልነበረብኝም።»

ዞረ። «ስህተቱ ግን የእኔ ነበር።»

«ነበር። ማንበቡ የእኔ ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ጥንቸሏን እኔና ኤዶ ሃሊማ ከግድግዳው ሥር ቀበርናት።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ «ልቧ ለሰለሰ» የሚል ዜና የምትጠብቁ ከሆነ የለኝም። ድርጅቱን ዛሬም እንቀዋለሁ፤ ሪፖርቱ ላይ ጥንቸሏ ከተሳኩት ውጤቶች መካከል ሳትቆጠር አልቀረችም። ኮሌጁን እንቀዋለሁ። ዘበኛውንም ቢሆን ይቅር አላልኩትም። ከጉሌድ ጋር ወዳጆች አልሆንንም፤ ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው ይደውልልኛል፣ የማውቀውን እነግረዋለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እለዋለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ወረቀት ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም፤ ዛሬም የሚያስቁ ወረቀቶች ይደርሱኛል፣ ብቻዬንም ቢሆን አልስቅባቸውም። ስብሰባ ላይ «አላውቅም» ስል ባልደረቦቼ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እርጅና መስሏቸዋል። የለወጠኝ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

እናንተም በዚህ ሰዓት ቤታችሁ ጥግ አንድ የተመታ እንስሳ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ይሆናል። ሐኪም ያስፈልገዋል ወይስ ይታገሥ ብላችሁ ታመዛዝናላችሁ። ድዱን ታያላችሁ፣ ትንፋሹን ትቆጥራላችሁ፣ እንደ እኔ ወረቀት ታሰምሩ ይሆናል። ከዚያ ሁሉ በፊት በሚዛኑ ላይ ያስቀመጣችሁት የእንስሳውን ሕመም መሆኑን አረጋግጡ። እኔ ከዓርብ አራት ሰዓት እስከ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት፣ በጥንቃቄና በቁጥር፣ የመዘንኩት የራሴን ፊት ነበር።